ከሰሉ ውጭ ይደር፦ የታኅሣሥን ብርድ በቤት ውስጥ ለመቋቋም የሚረዳ መመሪያ

የአዲስ አበባ ብርድ እንደ አውሮፓና እንደ ሰሜን አሜሪካ ወንዝ የሚያረጋ፣ መንገድ የሚዘጋ አይደለም። ቀን ፀሐይዋ ታሞቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ሰዉ ኮቱን አውልቆ በክንዱ ይዞ ይሄዳል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ቀን 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የነበረው ሙቀት ሊነጋጋ ሲል ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ብርዱ በሚጠናባቸው ሌሊቶች ደግሞ ወደ 5 ዲግሪና ከዚያም ዝቅ ይላል። ማሞቂያ ታስቦለት ባልተሠራ ቤት ውስጥ ለሚያድር ሰው፣ በተለይም ለሕፃንና ለአረጋዊ፣ ይህ የሚናቅ ብርድ አይደለም። ከብርዱ የሚከፋው ግን ብርዱን ሽሽት የሚደረገው ነገር ነው፦ በርና መስኮት ዘግቶ፣ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት።

የዚህ መመሪያ ሐሳብ አንድ ነው። በእኛ ከተማ የሌሊቱን ብርድ ለመቋቋም ክፍሉን በእሳት ማሞቅ አያስፈልግም። ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ሙቀትና ፀሐይ ቀን የምትለግሰውን ሙቀት ሳያባክኑ ማቆየት ይበቃል። በእንቅልፍ ላይ ያለ አዋቂ ሰው ሌሊቱን ሙሉ 70 ዋት ገደማ የሚሆን ሙቀት ይለቃል። ይህን ሙቀት የሚይዝ አልጋና ልብስ ካለ ክፍሉ ቢቀዘቅዝም ሰውየው አይቀዘቅዝም፤ የሚይዝ ነገር ከሌለ ደግሞ የቱንም ያህል ከሰል ቢነድ ሙቀቱ በጣሪያው ወጥቶ ያልቃል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚከተሉት ይህንን ነው።

መጀመሪያ ብርዱ ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በጋ ብሎ በሚጠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ወቅት ከሰሜንና ከምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ አየር ሰማዩን ከደመና ያጠራዋል። መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ካለ ከዚያ ሙቀት ከፊሉን ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ሰማዩ ከጠራና አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። ከእኛ ከፍ ብለው በሚገኙት በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋ በዚሁ ወቅት ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች የሚወርደውና ውርጭ ሰብል የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱ ከላይ ተጭኖ የሚመጣ ሳይሆን ሙቀቱ ወደ ላይ ስለሚሄድ የሚፈጠር መሆኑን መረዳት ለቤት ውስጥ ሥራችንም ይጠቅማል፤ ትልቁ ቀዳዳ ከራሳችን በላይ ነው ማለት ነውና።

ከዚህ ዕውቀት ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ትንበያ ነው። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ከደመቁ፣ ነፋሱም ከተኛ፣ ንጋቱ ብርቱ ብርድ ይኖረዋል፤ ያን ቀን ተጨማሪ ብርድ ልብስ ከቁም ሣጥን ማውጣት ይገባል። ሰማዩ ደመና ከለበሰ ሌሊቱ ይሻላል። ሁለተኛው ሰዓቱን ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ብርዱ የሚጠናው እኩለ ሌሊት ላይ ይመስለዋል፤ መሬት ግን ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሙቀት መልቀቋን ስለማታቆም ዝቅተኛው ሙቀት የሚመዘገበው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ አልጋዎን ሲያዘጋጁ ሲተኙ በሚሰማዎት ሙቀት አይለኩት። ንጋት ላይ የሚደረበውን ልብስ እጅዎ በሚደርስበት ቦታ አስቀምጠው ይተኙ። በዚያው ሰዓት የቀዘቀዘው አየር መሬት ላይ ተኝቶ፣ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ስለሚገጥመው የከተማው ጭስ ሽቅብ መውጣት አይችልም። ኅዳር 12 ቀን እንደ ልማዱ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ ረፋድ ድረስ በየሰፈሩ ተንጠልጥሎ የሚቆየው ስለዚህ ነው። ማለዳ መስኮት ቶሎ አለመክፈት ከብርዱም ከጭሱም ያድናል።

ቤትዎ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ለምሳሌ የአዲስ አበባው ሰንጋ ተራ በአንድ ዕይታ ሦስት ዓይነት የቤት አሠራር የሚታይበት ሰፈር ነው። የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች የሆኑ የመስታወት ፎቆች አሉ፤ በአጠገባቸው የ40/60 የቤቶች መርሐ ግብርና ሌሎች የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በልደታ ዙሪያ ከመልሶ ማልማቱ የተረፉ ቆርቆሮ የለበሱ የጭቃ ቤቶችም ይገኛሉ። ብርዱ ወደ ሦስቱም የሚገባበት መንገድ ይለያያል። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም በመሆኑ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ድካሙ ጣሪያው ላይ ነው። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለሆነ በጠራ ሌሊት ከውጭው አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ የቤቱ እርጥበት እሱ ላይ ወደ ውሃነት ተለውጦ ንጋት ላይ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። በብሎኬትና በኮንክሪት የተሠራው የጋራ መኖሪያ ደግሞ ጣሪያው ጎረቤት ስለሆነ ከላይ ይድናል፤ የሚጎዳው በሰፊ ባለ አንድ መስታወት መስኮቱ፣ በቀዝቃዛ ወለሉና በላይኛው ፎቅ በሚበረታው ነፋስ ነው።

በዚህ ሰፈር ሰዎች ከጭቃ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ቤቱ ተለውጧል፤ ከሰል የማንደድ ልማድ ግን አብሮ ገብቷል። የቀድሞው ቤት በጣሪያና በግድግዳ መካከል፣ በበሩም ሥር ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ነበረው። አዲሱ ቤት በሩ ግጥም፣ መስኮቱ ድፍን ነው። በአንዱ ቤት ዓይን አቃጥሎ ያለፈ ጭስ በሌላው ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። የጭቃ ቤቱም ቢሆን በኮርኒስና በላስቲክ ከተደፈነ ወዲህ የቀድሞው ቤት አይደለም።

ደረጃ አንድ፦ ፀሐይን ቀን ያስገቡ፣ ማታ ይዝጉባት

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሻገራለች። ታኅሣሥ 12 ቀን አካባቢ በእኩለ ቀን ከአድማስ በላይ 58 ዲግሪ ገደማ ላይ ትሆናለች። በዚህ ምክንያት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በዚህ ወቅት ብዙ ፀሐይ ያገኛል፤ ወደ ሰሜን የሚያየው ምንም አያገኝም። ሁለት ክፍል ካለዎት ሕፃኑን ወይም አረጋዊውን ፀሐይ ባለው ክፍል ያስተኙ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ይግለጡ፣ መስኮቱንም ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ይክፈቱ። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ውጭው ከመቀዝቀዙ በፊት፣ መስኮቱን ይዝጉና መጋረጃውን ይጋርዱ። መጋረጃው ወፍራም ቢሆን ይመረጣል፤ ስስ ከሆነ ነጠላ ወይም አንሶላ ይደርቡበት። ብዙ ሰው መጋረጃ የሚዘጋው ሲመሽ መብራት ሲያበራ ነው፤ ያን ጊዜ መስታወቱ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ማስወጣት ከጀመረ ቆይቷል።

በነዚሁ የፀሐይ ሰዓታት ፍራሹን፣ ጋቢውንና ብርድ ልብሱን አውጥተው ያስጡ። ሰው ሌሊት በትንፋሹና በላቡ የሚያወጣው እርጥበት በጥጥ ውስጥ ይቀራል፤ እርጥብ ጥጥ ደግሞ ሙቀትን ከሰውነት ቶሎ ይወስዳል። ሳይሰጣ የሰነበተ ወፍራም ጋቢ በፀሐይ ከደረቀ ስስ ብርድ ልብስ ያነሰ የሚያሞቀው ለዚህ ነው። መስኮት መክፈቱ አቧራ ያስገባል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ እውነት ነው፣ የግንባታ ሥራ በማይለየው እንደ ሰንጋ ተራ ባለ ሰፈር በተለይ። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያድርበት ክፍል አየሩ ካልተለወጠ ጉንፋንም ሳንባ ነቀርሳም ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ውጭው ከቤቱ በሚሞቅበት ሰዓት አየሩን ይለውጡ፤ ለዚህ የሚከፈል ሙቀት የለም።

ደረጃ ሁለት፦ ነፋሱን ከላይ ጀምረው ይዝጉ

ቀዳዳ ሲፈልጉ ከጣሪያው ይጀምሩ። የጭቃ ቤትዎ ኮርኒስ ከሌለው ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው እሱ ነው፤ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት እንኳ በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል የረጋ አየር ስለሚፈጥር ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የረጋ አየር ከብዙ ውድ ዕቃ የተሻለ ሙቀት ከልካይ ነው። የኤሌክትሪክ ገመድ በሚያልፍበት ቦታ ግን ጨርቅም ካርቶንም እንዳይነካው ያድርጉ። ቀጥሎ በግድግዳና በጣሪያ መጋጠሚያ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀውን ምርጊት ጭድ በገባበት ጭቃ ይለስኑ። በመጨረሻ ወደ በሩ ይውረዱ። አሮጌ ጨርቅ በረጅሙ ጠቅልሎ ሰፍቶ ማታ ማታ በበሩ ሥር ማጋደም ምንም አያስወጣም፣ እግር ላይ የሚነፍሰውን ግን ያቆማል። በጋራ መኖሪያ ቤት ያሉ ሰዎች የመስኮቱን ጠርዝ በእጃቸው እየዳሰሱ ነፋስ የሚገባበትን ይለዩና በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ይድፈኑት። መታጠቢያ ቤቱ ላይ ያለውን የአየር መውጫ ግን አይድፈኑ።

ይህ ደረጃ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የቀሩትን ሁሉ ቢረሱ እንኳ እሱን አይርሱ። ነፋስ የተዘጋበት ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር ሊኖር አይገባም። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ፣ ማለትም ቤቱን ደፍኖ ከሰል ማስገባት፣ ከሁለቱም በከፋ መልኩ አደገኛ ነው። ቤትዎ ውስጥ ገና የሚያበስሉበት ከሰል ካለ መጀመሪያ ደረጃ አምስትን ያንብቡ፣ ከዚያ ወደዚህ ይመለሱ።

ደረጃ ሦስት፦ አልጋውን ከታች ያሙቁ፣ ልብሱን በተራ ይደርቡ

ከላይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው ከታች በስስ ስፖንጅ ፍራሽ በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚተኙ ብዙዎች ናቸው። ሰውነት ሲጋደም የታችኛው ልብስ በክብደቱ ስለሚጨፈለቅ አየር አይይዝም፤ ሲሚንቶውም ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ስለዚህ ካሉት ብርድ ልብሶች አንዱን ከላይ አንስተው ከፍራሹ በላይ፣ ከአንሶላው በታች ያንጥፉ። ወለል ላይ ለሚነጠፍ ፍራሽ ከሥሩ ሰሌን፣ በላዩ ደረቅ ካርቶን፣ ካለም ቁርበት ያድርጉ። ፍራሹን ጠዋት ጠዋት አንስተው ግድግዳ ላይ ያስደግፉት፤ ካልሆነ ከሥሩ እርጥበት ይቋጥራል። አልጋ ካለዎት ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት።

ልብስ አደራረብ ላይ አገራችን የታወቀ ሀብት አላት። ነጠላ፣ ጋቢና ቡልኮ የጥጥ ናቸው፤ በርኖስና የመንዝ ባና ከበግ ፀጉር የሚሠሩ ናቸው። ጥጥ ሲደርቅ ያሞቃል፣ ሲረጥብ ይከዳል፤ የበግ ፀጉር ጥቂት ቢረጥብም ሙቀት መያዙን አይተውም። ስለዚህ ከሰውነት ጋር የሚነካካው ንጹሕና ደረቅ የጥጥ ልብስ ይሁን፤ በላዩ የበግ ፀጉር ወይም ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ጋቢው ይምጣ። ጋቢው አራት እጥፍ የሆነው በእጥፎቹ መካከል አየር እንዲይዝ ስለሆነ በከባድ ነገር አይጫኑት። ቀን የዋሉበትን ካልሲ አውልቀው ደረቅ ይልበሱ፣ ራስዎን በሻሽ ወይም በኮፍያ ይሸፍኑ። ሁለት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ሲሞቅዎ አንዱን ማውለቅ ስለሚችሉ አያልብዎትም፣ ላብ ደግሞ የንጋት ብርድ አጋር ነው።

እግር አልሞቅ ካለ ከመተኛትዎ 20 ደቂቃ አስቀድሞ የሙቅ ውሃ ከረጢት አልጋው ውስጥ ያስገቡ። የጎማው ከረጢት ከሌለ ወፍራም የውሃ ፕላስቲክ ይሠራል፤ የፈላ ውሃ ግን ፕላስቲኩን ስለሚያቀልጠውና ሰው ስለሚያቃጥል እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ብቻ ይሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቀው በፎጣ ይጠቅልሉት። ለሕፃን አልጋ አሙቀው ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ያውጡት። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች እግራቸው የመደንዘዝ ችግር ሊኖረው ስለሚችል ሲቃጠሉ ላያውቁት ይችላሉ፤ ከእግራቸው ጋር ሳይነካካ ይሁን።

ደረጃ አራት፦ ሙቀት ከምግብ እንጂ ከአረቄ አይጠብቁ

ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከበላው ነው። በዓመቱ ብርዱ የሚጠናበት ጊዜ ከኅዳር 15 እስከ ገና ከሚጾመው ጾመ ነቢያት ጋር ስለሚገጥም ብዙ ጿሚ በሚያስፈልገው ጊዜ ያነሰ ምግብ ይበላል። ጾሙን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ማታ የሚበላውን ማጠናከር ይበቃል። ተልባ፣ ኑግና ሰሊጥ ቅባት ስላላቸው በትንሽ መጠን ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ። ሽሮው ዘይት ይጨመርበት፤ የአጃ አጥሚት ወይም የምስር ሾርባ ከመኝታ በፊት ይጠጣ። የዝንጅብል ሻይ ከውስጥ ያሞቃል፤ ነገር ግን ጉልበት የሚሰጠው ምግቡ ስለሆነ በባዶ ሆድ ሻይ ብቻ ጠጥተው አይተኙ። የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነ ባይጠማዎትም ውሃ ይጠጡ።

አረቄ ያሞቃል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነውና ምክንያቱን ማየት ይገባል። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሞቃቱ ደም ወደ ቆዳ ሲወጣ ሰውየው ሙቀት ይሰማዋል። ያ የሚሰማው ሙቀት ከሆዱና ከልቡ ዙሪያ ወጥቶ ወደ አየሩ የሚሄደው ነው። በተጨማሪም መንቀጥቀጥን ስለሚያዳክምና ሰውየው መቀዝቀዙን እንዳያውቅ ስለሚያደርገው በረንዳ ላይ ወይም ሥራ ቦታ ለሚያድር ዘበኛ ከብርዱ ራሱ የባሰ ጠላት ነው።

ደረጃ አምስት፦ ከሰሉ ከበር ውጭ ይደር

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ክፍል ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፤ ደሙ ይዞራል፣ ኦክስጅን ግን አያደርስም። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ቀድሞውኑ በአንድ አራተኛ ያነሰ ነው። ጋዙ ከዚህ ላይ ሲጨመር ሰውነት የሚታገስበት ልክ ይጠባል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥለው ስለተኙ ሰዎች ሞት ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ይህን በሥራው ላይ ስለሚያየው ነው።

«እናቶቻችን በከሰልና በማገዶ ነው ያሳደጉን» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ ይቀድማል። የእናቶቻችን ቤት ግን ከላይ እንደተባለው ይተነፍስ ነበር፤ ያም ሆኖ ጭሱ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ሳይጎዳ አላለፈም። ሁለተኛው «ፍም እስኪሆን ውጭ አቆየሁት፣ ጭሱ አልቋል» የሚለው ነው። ያለቀው የሚታየው ጭስ ነው፤ ጋዙ ከቀላው ፍም ሳይቋረጥ ይወጣል። በአመድ የተዳፈነ ረመጥም አየር ስለሚያጥረው ለሰዓታት ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል። ሦስተኛው «መስኮቱን ገርበብ አድርጌዋለሁ» የሚል ነው። ክፍተቱ ጋዙን ለማውጣት የሚበቃ ከሆነ ሙቀቱንም አብሮ ያወጣዋል፤ ሙቀቱን ለማስቀረት የጠበበ ከሆነ ጋዙንም ያስቀረዋል። ሁለቱን ለይቶ የሚያሳልፍ መስኮት የለም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021፣ ማለትም በየካቲት 2013 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት የሆነው ያስረዳል። ያልተለመደ ብርድ ወርዶ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ሲያጡ ሰዎች ከሰል መጥበሻቸውን ወደ ቤት አስገቡ፣ ጄኔሬተር በር ላይ አስነሡ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥተው ተቀመጡ። በሂውስተን በመኪና ጭስ ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሞቱት ሰዎች ሀብታም አገር ውስጥ፣ ደህና ቤት ውስጥ ነበሩ። ያገናኛቸው የተዘጋ ቤትና የሚነድ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «ድሃ ሌላ ምን አማራጭ አለው?» የሚለው ነው። ጥያቄው መከበር አለበት፤ መልሱም ከራሱ ከኪስ ይነሣል። ለሙቀት ተብሎ በየማታው የሚነድ ከሰል በአንድ ወቅት የሚያስወጣው ገንዘብ ሲደመር አንድ ጥሩ ብርድ ልብስ ሳይገዛ አይቀርም፤ ብርድ ልብሱ ለዓመታት ያገለግላል፣ ከሰሉ ንጋት ላይ አመድ ነው። ስለዚህ ደንቡን እንዲህ ይያዙት። ለምግብና ለቡና ከሰል የሚያቀጣጥሉ ከሆነ ውጭ፣ በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት ከሁለት ወገን በተከፈተበት ቦታ ያድርጉት። ቡናው እንዳለቀ ምድጃውን ከነፍሙ ያውጡ፣ ውጭ ውሃ አፍስሰው ያጥፉት። መኝታ ክፍል ጎን ባለ ኩሽና ውስጥ ረመጥ አይዳፍኑ። የቤት ሠራተኛ ወይም ዘበኛ የሚያድርበትን ጠባብ ክፍልም ይመልከቱ፤ ብርድ ልብስ ያላገኘ ሰው ከሰል ወደማስገባት ያዘነብላልና፣ እሱን ማልበስ የቤቱ ባለቤት ግዴታ ነው።

ደረጃ ስድስት፦ ኤሌክትሪክን በልኩ ይጠቀሙ

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋዝ ስለማያወጣ ከከሰል ይሻላል፤ የራሱ አደጋ ግን አለው። 2,000 ዋት የሚወስድ ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባል። በስስ ገመድ የተሠራ ኤክስቴንሽን፣ በተለይም ቴሌቪዥንና ምድጃ አብረው የተሰኩበት፣ ይህን አይችልም፤ ገመዱ ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ እሳት ይነሣል። ማሞቂያውን ለብቻው በግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስ አንድ ሜትር ያህል ያርቁት፣ ከመተኛትዎ በፊት ይንቀሉት። ሽቦው የተገለጠ የማብሰያ ምድጃ አብርቶ መተኛት ከሁሉ የከፋ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የሌሊቱ መተማመኛዎ ማሞቂያው እንዳይሆን ያስቡበት። እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግሩ ከሆነ ግን ሥራውን ወደ አመሻሹ ያሸጋግሩት፤ ለጋገራ የወጣው ሙቀት ቤቱንም ያሞቃል፣ ተጨማሪ ክፍያ የለውም።

ደረጃ ሰባት፦ ሕፃኑንና አረጋዊውን ለይተው ይጠብቁ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤትና የጤና መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ እንዳያንስ ይመክራል። ብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች በታኅሣሥ ንጋት ከዚህ በታች ስለሚሆኑ ታዲያ ሰውነትን መሸፈን ብቻ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ለጤነኛ አዋቂ ይበቃል። ለጨቅላ ሕፃንና ለአረጋዊ ግን ክትትል ይጨመርበታል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በሰውነቱ ልክ ሲታይ ብዙ ቆዳ ስላለው ሙቀት ቶሎ ያጣል፤ እንደተወለደ አይታጠብ፣ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። በጣም ጥሩው ማሞቂያ የእናቱ ደረት ነው፤ ራቁት ሰውነቱ ከራቁት ደረቷ ጋር ገጥሞ ከላይ ጋቢ ይደረብ። ለብቻው ሲተኛ በልክ የተሰፋ ልብስ ይልበስ እንጂ ከባድ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ሊመጣ በሚችል መንገድ አይጫንበት።

አረጋዊ ሰው ብርዱን ዘግይቶ ስለሚያውቀው «አልበረደኝም» ማለቱ አያስተማምንም። እጅዎን ልብሱ ሥር ሆዱ ላይ ያድርጉ፤ ሆዱ ከቀዘቀዘ ሰውየው በርዶታል። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ንግግር ይጎተታል፣ አስተሳሰብ ይደበዝዛል፣ መንቀጥቀጡ እንዲያውም ሊቆም ይችላል፤ ይህ ከታየ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ብርድ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን እንዳያስታጉል፣ ለማለዳ ቅዳሴ ወይም ለሶላት ሲነሣም አልጋው ላይ ጥቂት ተቀምጦ፣ ተሸፋፍኖ ይውጣ።

አደጋ ሲደርስ

በአንድ ቤት ውስጥ ከሰል ነድዶ ሁለት ወይም ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ከታመመ፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው ወይም ጉልበቱ ከከዳው ምክንያቱ የከሰሉ ጋዝ ነው ብለው ይነሡ። የምግብ መመረዝ ወይም ጉንፋን ነው ብሎ መልሶ መተኛት ሕይወት ያስከፍላል። በሩንና መስኮቱን ይክፈቱ፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ አየር ያውጡ፣ ከዚያ ከሰሉን ያውጡ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም፣ ሎሚም፣ ውሃም አይስጡ፤ መርዙን ከደም አያወጣም፣ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያንቀው ግን ይችላል። በጎኑ አስተኝተው ይሸፍኑት። ወደ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን በ939፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ። ለሰንጋ ተራ ነዋሪ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ሰውየው ውጭ ወጥቶ የተሻለው ቢመስልም ይሂድ፤ ጋዙ በተራ አየር ከደም በግማሽ እስኪቀንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፣ በሐኪም ቤት ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማድረግ ለማይችል ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ከሰሉን ያውጡ፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣም። ዛሬውኑ አንዱን ብርድ ልብስ ከላይ ወደ ታች ያዛውሩ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ያጋድሙ። ነገ ረፋድ ላይ አልጋ ልብሱን ያስጡ። በሳምንቱ ውስጥ የጣሪያውንና የመስኮቱን ክፍተት ይድፈኑ። ከደመወዝ በኋላ ኮርኒሱን ወይም ተጨማሪውን ብርድ ልብስ ይግዙ። ከዚያ ከራስ ቤት አልፎ ማሰብ ይገባል። እድርና የጋራ ሕንፃ ኮሚቴ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል እንደሚተባበሩት ሁሉ፣ ሰው ሳይሞት በኅዳር መጀመሪያ ስለ ከሰል በስብሰባ መናገርና ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ጋቢ ማሰባሰብ ይችላሉ። ብርዱ በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ የሚመጣ ስለሆነ በእሱ ሰበብ የሚደርሰው ሞት አስቀድሞ ሊከላከሉት የሚቻል ሞት ነው፤ ሊከላከሉት የሚቻለውን ሞት መከላከል ደግሞ ለጎረቤት ያለብን ዕዳ ነው።